ለእናቴ ጎረቤቶች ኮምፒውተር ነኝ

እናቴ በዕድሜዋ የዋሸችው አንድ ውሸት ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ካላመናችሁኝ ሀደራ ከተማ ናሕሊኤል ሰፈር ብቅ በሉና ከሕንጻችን ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡትን እናቶችና አባቶች ጠይቁ። «የእትዬ ጥሩዬ ልጅ ምንድን ነው ሥራው?» ስትሏቸው ሁሉም ባንድ አፍ «ኮምፒውተር» ይሏችኋል። ይሸጣል? ይጠግናል? ያጥባል? ይሄ አይጠየቅም። ኮምፒውተር ከተባለ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ሐኪም እንደማለት ነው።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት በፋብሪካዎቹ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍሌን ዘግቼ፣ ስልኬን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አቁሜ፣ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ቪዲዮው አጭር ታሪክ ነው፤ ታሪኩ መሃል ላይ አንድ ነገር ይጠፋል ወይም ይመጣል። ለምሳሌ ስለ ባንክ ወረፋ እያወራሁ ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት አሳያችኋለሁ፤ ስልሳ አራት ትላለች። ስልሳ አራት ሲጠራ ተነሥቼ ወረቀቷን ስገልጣት ስልሳ አምስት ሆናለች። እኔ አለቅሳለሁ፣ ተመልካች ይስቃል። ሥራዬ ይኸው ነው።

የዚህ ሥራ ስም በዕብራይስጥ ቆሴም ይባላል። ደስ የሚል ስም ነው፤ ልደት ላይ «ቆሴም መጣ» ሲባል ሕፃናቱ ያጨበጭባሉ። አበሳው የሚጀምረው ወደ አማርኛ ስታመጡት ነው። አስማተኛ ብትሉት ሰው በር ይዘጋባችኋል። ምትሃተኛ ብትሉት ከበሩ ላይ መቀርቀሪያ ይጨምራል። ጠንቋይ ያላችሁ እንደሆነማ ሰፈር ለቃችሁ መሄድ ነው። ፈልጌ ፈልጌ በአማርኛችን ውስጥ ለልደት የሚሆን አስማተኛ አጣሁ።

ለእናቴ የነገርኳት ዕለት ምስር እየለቀመች ነበር።

«ቆሴም?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሰው ትጎዳለህ?»

«ኧረ አልጎዳም፤ አስቃለሁ።»

«ከሳቀ በኋላስ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ሦስት አራት ጠጠር አወጣችና፣ «ለሰው ግን ኮምፒውተር እንበል» አለች። እንዲህ ሆኜ ኮምፒውተር ሆንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ የታመመ ዕቃ ሁሉ ወደኛ ቤት መጣ። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ወረቀት የነከሰ ማተሚያ። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን፣ «መብራት አለው እኮ» ብለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አሳዩኝ። የማውቀው አንድ ዘዴ ብቻ ነበር፤ ማጥፋትና ማብራት። አጠፋዋለሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ትንሽ አስባለሁ፣ አበራዋለሁ። አብዛኛው ይድናል። ካሉኝ ትርኢቶች ሁሉ ያለ ልምምድ የሚሳካልኝ ይኼ ነበር።

የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። እናቴ አንድም ቪዲዮዬን አይታ አታውቅም። ስቀርጽ የሬዲዮኑን ድምፅ ትቀንስልኛለች፣ በሬን ቀስ አድርጋ ትዘጋልኛለች፣ ለመጣ ሰው «ልጄ ሥራ ላይ ነው» ትላለች። የሚታየውን ግን አታይም። ከማያውቁኝ ሰዎች «በጣም ሳቅን» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ወጥ ቤት ድረስ ሄጄ ልነግራት እፈልግና፣ ውኃ ጠጥቼ ተመልሼ እገባለሁ። ያኔ የጠጣሁት ውኃ ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ሲጋል የምትባል ሴት ደወለችልኝ። ከሀደራ ገበያ አጠገብ ያለው የአዛውንቶች ሞአዶን ኃላፊ ናት። ሞአዶን ያው መዋያ ክበብ ነው፤ ከአገር ቤት የመጡት የኛ ሰዎች ጠዋት ሄደው ይጨዋወታሉ፣ ምሳ በልተው ይመለሳሉ።

«ቪዲዮዎችህን አየኋቸው» አለችኝ በዕብራይስጥ። «አማርኛውን አልሰማሁም፣ ግን ሳቅኩ። ረቡዕ መጥተህ ትሠራልናለህ? ከሰመረ ለሌሎቹ ክበቦችና ለትምህርት ቤቶችም እነግራለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው በሰው ፊት ሠርቼ እንደማላውቅ ያስታወስኩት። እስከዚያ ቀን ተመልካቼ ስልክ ነበር፤ ስልክ ደግሞ ትዕግሥተኛ ተመልካች ነው፤ ሲበላሽባችሁ ታጠፉትና እንደገና ትጀምራላችሁ። በዚያ ላይ፣ ያኔ መጋዘኑ ውስጥ ሙሉ ቀን ነበር የምሠራው፤ በዚያው ሳምንት የመጋዘን አለቃዬን ወደ ግማሽ ቀን ሥራ እንዲቀንስልኝ ጠይቄው፣ «እስከ ሐሙስ አስብበት፤ ከቀነስኩልህ በኋላ ግን መመለስ የለም» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ለኔ ቀላል ቀን አልነበረም።

ሲጋል ደግሞ ማስታወቂያ ለጠፈች። እኔ እንቁላል ይዤ የምስቅበት ፎቶ ከላይ፣ ከታች በትልቁ በዕብራይስጥ ቆሴም የሚል። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይሆንላቸው አዛውንቶች እናቴን፣ «ጥሩዬ፣ ልጅሽ ነው፤ ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት። እናቴ መነጽሯን አደረገች፤ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ከዚያ፣ «ስለ ስልክ ሊያስተምረን ነው» አለች።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ረቡዕ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስገባ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሁሉም ስልኩን በእጁ ይዟል። ቻርጀር ያመጡ አሉ። ከሁለተኛው ረድፍ አባ ፈንታሁን ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጅተው ተቀምጠዋል። አባ ፈንታሁን በሰፈራችን የተከበሩ፣ ኦሪትን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሽማግሌ ናቸው። ሰላም ብያቸው ሳልጨርስ፣ «ልጄ፣ የሐኪም ቤቱን ቶር፣ ቀጠሮውን ማለቴ ነው፣ በስልክ እንዴት ነው የምይዘው? ከሱ እንጀምር» አሉኝ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ከፊት ረድፍ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ፣ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የሮጥኩ እንደሆነ ሲጋል በሩ ላይ ቆማለች። ስልኬን ማቆሚያው ላይ አድርጌ መቅረጹን አስጀመርኩና፣ «ዛሬ ስለ ስልክ አይደለም፣ አባቶቼና እናቶቼ። ዛሬ ጨዋታ ነው የማሳያችሁ» አልኩ። ደብተሮች ተከደኑ። ባዶ ከረጢት ገልብጬ አሳየሁ፣ እጄን አስገባሁና እንቁላል አወጣሁ። ሌሎች ቆሴሞች ልደት ላይ ሲሠሩት በዚህ ጊዜ ጭብጨባ ነው። እዚህ ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«ከየት መጣ?» አሉ አንዲት እናት።

«ከከረጢቱ።»

«ዶሮዋስ?»

ዶሮዋን ትቼ እንቁላሉን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ፣ «እስኪ ልየው፣ ትኩስ ነው?» ብለው ተቀበሉኝ፤ ከጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቁትና ከፕላስቲክ መሠራቱን ላዳራሹ አስታወቁ።

አባ ፈንታሁን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይኼ የምትሠራው ነገር ስሙ ማን ይባላል?»

«ቆሴም ይባላል፣ አባ።»

«ኦሪት ላይ ቆሴም የሚባለው ተከልክሏል። ያው ነው ወይስ ሌላ ነው?»

አዳራሹ በሙሉ እኔን አየ። ቀጥሎ እናቴን አየ። እናቴ ከጣሪያው ወርዳ ጫማዋን ማየት ጀምራለች። እኔ ላይ የሚመጣውን እችለዋለሁ፤ እናቴ ግን ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው ነገ ጠዋት የምትውለው።

«ሌላ ነው፣ አባ። የእጅ ቅልጥፍና ነው። አሁን አሳይዎታለሁ» አልኩና፣ ሰው ሲደናገጥ እንደሚያደርገው ከሁሉ የከበደውን ትርኢት መረጥኩ። የጣት ቀለበት የሚያውሰኝ ሰው ጠየቅኩ።

ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች እጃቸውን አነሡ። ቴሌቪዥናቸውን አጥፍቼ ስላበራሁላቸው ይወዱኛል። ቀለበቷ ግን አልወጣ አለች። ከረድፍ ረድፍ የእጅ ቅባት ተቀባበሉ፣ ሁለት ሴቶች ጎተቱ፣ በመጨረሻ ወጣች። እትዬ አስናቀች መዳፌ ላይ አስቀመጧትና፣ «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ያሰረልኝ ናት። ከጣቴ ወርዳ አታውቅም። አደራህን» አሉኝ።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን «ይቅርታ፣ እትዬ» ብሎ ይመልስ ነበር። እኔ እጅጌዬን አስተካከልኩ።

ዘዴውን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ምስጢር መሆኑ ቀርቷል። እጅጌዬ ውስጥ ላስቲክ አለ። ቀለበቱን ላስቲኩ ጫፍ ላይ እሰካለሁ፣ ስለቀው እየተሳበ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ከተቆለፈች ትንሽ ሣጥን ውስጥ አወጣዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ሠርቼዋለሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ ለቀቅኩት። ጧ አለ። ላስቲኩ ተበጠሰ። እጄን ዘረጋሁ፤ ባዶ ነው። እጅጌዬን ፈተሽኩ፤ ባዶ ነው።

ያኔ ነው አዳራሹ ያጨበጨበው። እውነትም እንደዚያ አድርጌ አጥፍቼ አላውቅም።

«ጎበዝ። በል መልሳት» አሉ አባ ፈንታሁን።

እትዬ አስናቀች ቅባት የተቀባች ጣታቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሣጥኗን ከፈትኩ፤ እንደምታውቁት ምንም የለባትም። ዘጋሁና ደግሜ ከፈትኳት። ማጥፋትና ማብራት ለሣጥን አይሠራም። እትዬ አስናቀች አሁንም ጣታቸውን አላጠፉም፤ ፊታቸው ላይ ያለው እምነት ነው የገደለኝ። ተንበርክኬ ወንበር ሥር ገባሁ።

ወንበር ሥር ያለው ዓለም ሌላ ነው። ጫማ፣ የወደቀ ማስቲካ፣ ከዘራ። «እግርዎን ትንሽ ያንሡልኝ» እያልኩ ከረድፍ ወደ ረድፍ ዳኽኩ። አንዱ ሽማግሌ እግራቸውን ሲያነሡ ስልካቸው ጭንቅላቴ ላይ ወደቀ፤ ሰው ሳቀ። ሲጋል ጎንበስ ብላ በዕብራይስጥ፣ «ይኼ የትርኢቱ ክፍል ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት ከመሬት። ስለ ሐሙስ አሰብኩ፤ አለቃዬን እግሩ ላይ ወድቄ ሙሉ ቀን እንዲያሠራኝ እለምነዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ከላይ የአባ ፈንታሁን ድምፅ መጣ። «ወገኖቼ፣ ይኼ ልጅ ንጹሕ ነው። ኦሪት የከለከለችው ዓይነት ቢሆን ኖሮ የት እንደገባች ያውቅ ነበር። ምንም አያውቅም።»

አዳራሹ «እውነት ነው» አለ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ምስክርነት ያገኘሁ አይመስለኝም።

ወዲያው ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቀና ስል እናቴ ቆማለች።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ልጄ ኮምፒውተር አያውቅም።»

አንገቶች ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

«ቴሌቪዥናችሁን አጥፍቶ ነው የሚያበራው። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ዐይኑን ጨፍኖ ሲያስብ አይታችሁታል አይደል? ምንም አያስብም። እኔ ነኝ የወለድኩት፤ አውቀዋለሁ።»

መጀመሪያ እትዬ አስናቀች ሳቁ። ቀጥሎ የማጠቢያ ማሽናቸውን ያሳዩኝ ጎረቤታችን፤ ከዚያ ሁሉም።

«ዋሽቼያችኋለሁ» አለች እናቴ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሠርቶ የሚበላ ልጅ፣ ሰው የሚያስቅ ልጅ ይዤ አፈርኩበት። አሁን ወንበር ሥር ሲድህ ሳየው ያፈርኩት ግን በራሴ ነው። ማስታወቂያውንም ያነበብኩላችሁ እኔ ነኝ። ስልክ አይልም። ቆሴም ነው የሚለው።» ወደ አባ ፈንታሁን ሄደች። «አባ፣ እስኪ ቆብዎን ያንሡት።»

አባ ፈንታሁን ደንግጠው አነሡት። እናቴ ቆቡን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ምንም የለም። ሁለት እጇን ዘርግታ ላዳራሹ አሳየች፤ ምንም የለም። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ አቧራ እንደምታራግፍላቸው ሁሉ፣ ከጆሯቸው ኋላ እጇን ሰደድ አድርጋ ቀለበቷን አወጣች።

«እንኩ፣ እትዬ አስናቀች፤ አደራዎ።»

እልልታው ወንበሩን አንቀጠቀጠው። አባ ፈንታሁን ጆሯቸውን ይዘው፣ «ሌላ ነገር የለም? ደኅና አድርገሽ እዪልኝ» ይላሉ። ሲጋል አማርኛ ሳትሰማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እኔ ባለሙያው አሁንም በአራት እግሬ ነኝ፤ አፌን ከፍቼ። ዐይኔን ከእጇ አላነሣሁም ነበር፤ ምንም አላየሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«የት አገኘሻት?» አልኳት።

«ነጠላዬ ላይ ነው የወደቀችው። ልሰጥህ ስል ሰው ሲስቅ አየሁና ትንሽ ይሳቁ አልኩ።»

«ወንበር ሥር ስድህ እያየሽ?»

«ልጅ ሆነህም ቶሎ አልተራመድክም።»

«እጅሽን ዘርግተሽ አሳየሽን እኮ። የት ነበረች?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ፣ «ልጅ ሆኜ ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ሱዳን መንገድ ላይ ሽፍቶቹ ሲያስቆሙን፣ እጃችሁን ዘርጉ ይሉን ነበር። የቤተሰቡን ወርቅ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ልጅ ናት ብለው አይጠረጥሩኝም። ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ» አለች። የአውቶቡስ ካርዷን መዳፏ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን አዞረችው፤ ካርዱ የለም። መልሳ አዞረችው፤ አለ። «እናቴ ናት ያስለመደችኝ። ወርቁ እዚህ ደርሷል። እሷ አልደረሰችም።»

እኔ ይህንኑ ዘዴ ከኢንተርኔት ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አስተማሪዬ ግድግዳ ለግድግዳ ሬዲዮ እየቀነሰችልኝ ነበር። እጇን ያዝኳት። አንድ ፌርማታ አሳልፈን ወረድን።

ቤት ስንገባ የቀረጽኩትን ላጠፋው ስል፣ «እስኪ አሳየኝ» አለችኝ። ራሷን ሦስት ጊዜ አየች። «ነጠላዬ ተጣሟል» አለች። ከዚያ፣ «ሌላስ የለህም?» ስትለኝ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እስከ እራት ድረስ ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ አየቻቸው። የባንኩ ወረፋ ላይ ሳቀች። ሌሎቹ ላይ አስተያየት ሰጠች፤ «እዚህ ጋ አውራ ጣትህ ይታያል»፣ «ታሪኩን ለምን ታጣድፈዋለህ? ሰው መጀመሪያ ይስማህ እንጂ»፣ «ይኼን ደግሞ ማን ነው አስቂኝ ነው ያለህ?» ከዚያ ስልክ እየደወለች ከአዳራሹ የነበሩትን ሁሉ ፈቃድ ጠየቀችና ቪዲዮውን ለቀቅነው። እኔ ብቻዬን ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጥ ሰው አየው። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ሐሙስ ጠዋት ግን አለቃዬ ፊት ቆሜ «ግማሽ ቀን» ያልኩት ሳልንተባተብ ነው።

ባለፈው ወር ክፋር ብራንዳይስ የሚባል ሰፈር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ተጠራን፤ እኔና እናቴ። አያቶችና የልጅ ልጆች አብረው የሚውሉበት ቀን ነው። እናቴ ታሪኩን በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ ዕቃውን አጠፋለሁ፣ አመጣለሁ፣ መሃል መሃሉን በዕብራይስጥ እላለሁ። ችግሩ ሳቁ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አያቶቹ ይስቃሉ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ስተረጉም ልጆቹ ይስቃሉ፤ አያቶቹ «አሁን ምን ተባለ?» ይላሉ። አንዲት ሴት ልጅ አያቷን እጅጌያቸውን እየጎተተች፣ «ሳቭታ፣ ማ ሂ አምራ?» ትላለች፤ «አያቴ፣ ምን አለች?» ማለቷ ነው፤ አያትየው «ቆይ፣ ልስማበት» ይሏታል። እንዲህ በተራ በተራ እየሳቁልን ቆየን።

ወደ መጨረሻው ላይ መሐረብ ዘርግቼ፣ ዝም ብዬ፣ እንቁላሉን ላጠፋ ስዘጋጅ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አያቶቹም ልጆቹም፣ ባንድ ጊዜ። እኔ ገና ምንም አልሠራሁም። ሱሪዬን አየሁ፤ ደኅና ነው። መሐረቡን ገለበጥኩ፤ ደኅና ነው። ይብስ ሳቁ። ያቺ ልጅ አያቷ ላይ ተደግፋ ትንፈራፈራለች፤ አያትየው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ማንም ለማንም አይተረጉምም።

ዞር አልኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ የእጄን ሰዓት በራሷ እጅ ላይ አስራ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች ሰዓት ታያለች። መቼ እንዳወለቀችልኝ እግዜር ይወቅ።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለችኝ። «ምን ቆመህ ታያለህ? ቀጥል።»

ቀጠልኩ።